እያበሰሉ የሚያድሩበት የደሴ አፓርታማ፦ ከሶፋው በፊት ሮቶው ይታይ

ደሴ ላይ ዕቃው ተሟልቶ በቀን ወይም በሳምንት የሚከራይ ቤት ማግኘት ዛሬ አያስቸግርም። ፒያሳና አራዳ ዙሪያ፣ ሆጤ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ሸዋበር፣ ወደ ሰኞ ገበያ ስትወርዱም አለ። ደላላውም ባለቤቱም በስልክ የሚልኩት ፎቶ ግን አንድ ዓይነት ነው፦ ጥግ የሚይዝ ሶፋ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን፣ የተነጠፈ አልጋ፣ በመስኮቱ በኩል የጦሳ ተራራ። የማዕድ ቤት ፎቶ ከመጣም የሚያሳየው የቁም ሳጥኑን በር ነው። ቧንቧው ውሃ ማውረዱ፣ ስቶቩ መጋሉ፣ ድስቱ ስንት ሊትር እንደሚይዝ አይታይም። ሰው ከፔንሲዮን ዋጋ በላይ ጨምሮ የሚከፍለው ደግሞ ለማዕድ ቤቱ ነው፤ ስለዚህ እዚህ የምንመዝነው እሱን ነው።

ፍርዱን ከፊት እናስቀምጠው። ወደ ወልዲያ ወይም ወደ አዲስ አበባ ለማለፍ አንድ ሌሊት ብቻ የሚያድር መንገደኛ አፓርታማ አያስፈልገውም፤ ንጹሕ ፔንሲዮን ይበቃዋል፣ ይረክስለታልም። ሦስትና አራት ሆኖ ለሠርግ፣ ለለቅሶ ወይም ለምረቃ የመጣ፣ ሆስፒታል የተኛ ዘመድ እያስታመመ አጥሚትና ሾርባ መውሰድ ያለበት፣ ሕፃን ልጅ የያዘ፣ ከአራት ሌሊት በላይ የሚቆይ ሰው ግን ከአፓርታማ የተሻለ አያገኝም። ይህ የሚሆነው ውሃው፣ መብራቱና ድስቱ በቦታቸው ካሉ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ እንጀራና ወጥ ከምግብ ቤት እየገዙ የአፓርታማ ኪራይ መክፈል ይመጣል፤ ከሁሉም ውዱ አዳር ይሄ ነው።

ከውሃ እንጀምር። ደሴ ውስጥ ብዙ ሰፈር ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው። ስለዚህ አከራይ «ውሃ አለ» ሲል ቀጥሎ መምጣት ያለበት ጥያቄ «መስመሩ ስንት ቀን ቆይቶ ይመጣል? ሮቶው ስንት ሊትር ነው? ለስንት ቤት ነው የሚያገለግለው?» የሚል ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። አብስሎ፣ ዕቃ አጥቦ፣ ገላውን ታጥቦ፣ ሽንት ቤት ለቅቆ የሚኖር ሰው ቆጥቦ ቢጠቀም በቀን 60 ሊትር ያህል ይፈልጋል። አራት ሰው 240 ሊትር ማለት ነው፤ ለብቻ የሆነ የ1,000 ሊትር ሮቶ አራት ቀን ይዘልቃል። ያው ሮቶ ለሦስት ቤት የጋራ ከሆነ ግን በሁለተኛው ቀን ጠዋት ቧንቧው አየር ይተፋል። ፈረቃው በሳምንት አንዴ ለሆነበት ሰፈር ለአንድ ቤተሰብ ቢያንስ 2,000 ሊትር ያስፈልጋል። ባለቤቱ ቦቴ አስመጥቶ እንደሚሞላና ሂሳቡን ማን እንደሚችለው አስቀድሞ መነጋገር ይገባል፤ ጭቅጭቅ የሚነሳው ሁልጊዜ ሮቶው ከደረቀ በኋላ ነው።

ሮቶው ሞልቶም ውሃ የሚጠፋበት አንድ መንገድ አለ፦ የሽንት ቤቱ ሲፎን ሲያፈስ። ድምፅ ስለሌለው ማንም ልብ አይለውም። ለማወቅ ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ ከላይ ሲፎኑ ውስጥ ጨምሮ ሳይለቁ አሥራ አምስት ደቂቃ መጠበቅ ነው። ቀዩ ቀለም ወደ ታች መቀመጫው ከወረደ የውስጡ ጎማ አርጅቷል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሮቶውን ሲጠጣ ያድራል። ጎማው እስኪቀየር ድረስ የሲፎኑን መዝጊያ ዘግቶ በባልዲ መጠቀም ነው።

የላይኛው ፎቅ ተከራይ ሌላ ችግር ይገጥመዋል። ዕይታው ያማረው እዚያ ስለሆነ ኪራዩም ብዙ ጊዜ እዚያ ከፍ ይላል፣ የውሃው ግፊት ግን እዚያ ነው የሚደክመው። ውሃ አሥር ሜትር ከፍታ ላይ ሲቀመጥ የሚሰጠው ግፊት አንድ ባር ነው። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ከሻወሩ በሁለት ሜትር ብቻ ከፍ ካለ የሚደርሰው 0.2 ባር ነው ማለት ነው። ሻወሩ ላይ የሚገጠመው ፈጣን ማሞቂያ የሚነሳው በውስጡ የሚያልፈው ውሃ ማብሪያውን ሲገፋው ስለሆነ በዚህ ግፊት ወይ ጨርሶ አይበራም ወይ እየበራ እየጠፋ ቀዝቃዛና ሙቅ ያፈራርቃል። ባለቤቱ «ማሞቂያው አዲስ ነው» ቢል ልክ ነው፤ የጎደለው ግፊት ነው። መፍትሔው ከሮቶው ሥር ትንሽ ፓምፕ መግጠም፣ ያ ከሌለ የሻወሩን ራስ ፈትቶ በኖራ የተደፈኑትን ቀዳዳዎች በሆምጣጤ ማጽዳት ነው። ለደሴ የምንመክረው በርሜል ያለውን ማሞቂያ ነው። የ50 ሊትር በርሜል በ1,500 ዋት ከ15 ዲግሪ ወደ 60 ለመድረስ አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ይፈልጋል፤ ከቀዝቃዛ ጋር ሲቀላቀል 100 ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ ይሰጣል፣ ለማያባክኑ አራት ሰዎች ይበቃል። ስለዚህ ከመተኛት በፊት ለመታጠብ ያሰበ ሰው ማሞቂያውን የሚያበራው እራት ከመሥራቱ በፊት ነው። ከእራቱ ጋር አብሮ ካበራው ምን እንደሚሆን ከታች ይመጣል።

የሚጠጣ ውሃ ላይ የደሴ ከፍታ አንድ ደንብ ይጨምራል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፤ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 እና በ92 ዲግሪ መካከል ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ለመጠጥ የሚፈላ ውሃ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ እንዲቆይ ይመከራል። ጎረቤቱ ኮምቦልቻ ከዚያ በታች ስለሆነ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። ለሕፃን ወተት የምታዘጋጁ ሰዎች ኬትሉ ጠቅ ብሎ ሲጠፋ ጨርሷል ብላችሁ አትመኑ፤ በድስት አፍሉት።

መብራት። ቤቱን ያየ ሰው ሶኬት ሲቆጥር ይውላል፤ መታየት ያለበት የብሬከር ሳጥኑ ነው። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው። ፈጣን የሻወር ማሞቂያ 5,500 ዋት ከሆነ 25 አምፔር ይወስዳል። ዋናው ብሬከር 25 ወይም 32 በሆነበት ቤት ሁለቱ አንድ ላይ ሲበሩ መብራቱ ይወርዳል። በርሜል ያለው ማሞቂያ፣ ሁለት ዐይን ያለው ስቶቭና ኬትል አብረው ቢበሩም ባለ 25ቱ ሊወርድ ይችላል። ብሬከሩ ሥራውን ሠራ እንጂ አልተበላሸም፤ ደጋግሞ እየመለሱ ማስገደድ ገመድ ያቃጥላል። ምጣድ ያለበት ቤት ከሆነ ምጣዱ ራሱን የቻለ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድና የራሱ ብሬከር ሊኖረው ይገባል። ምጣድን በማከፋፈያ ላይ ሰክቶ መጋገር ክልክል ነው ብላችሁ ያዙት፤ የሶኬቱ ፕላስቲክ ሊቀልጥ ይችላል። የተከራያችሁበት ቤት ሶኬት ዙሪያው ቡናማ ሆኖ ካገኛችሁት ከእናንተ በፊት አንድ ሰው ሞክሮታል።

ሌላው የቮልት መውረድ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ሁሉም ቤት ስለሚያበስል ኃይሉ ይዳከማል። ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ የምጣዱ ጉልበት የሚቀንሰው በትንሽ አይደለም፤ የሚቀረው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ብቻ ነው። ዓይን የማያወጣና ምጣድ ላይ የሚጣበቅ እንጀራ ሲወጣ ሊጡ ይወቀሳል፣ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የሰዓቱ ነው። የሚጋገረው በጠዋት ወይም ከቀትር በኋላ በጊዜ ነው። ፍሪጅም በዚህ ሰዓት ይጎዳል፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ አምስት ደቂቃ ሳይቆይ ፍሪጁን መሰካት ሞተሩን ሊያቃጥለው ይችላል፣ ካሳው ደግሞ ከመያዣችሁ ይቆረጣል። ስታቢላይዘር ያለው ቤት ጥሩ አከራይ እንዳለው እንቆጥራለን። ቆጣሪው የካርድ ከሆነ ስትገቡ ቀሪውን ሂሳብ በፎቶ ያዙ፤ ቅዳሜ ማታ ካርድ አልቆ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ እንግዳ ከማንም ጋር ሰላም የለውም።

አሁን ወደ ድስቱ። የደሴን ማዕድ ቤት የሚያስቸግረው ያው ከፍታው ነው። ከቆላ ለመጣ ሰው ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ሽሮ፣ የተከካ ምስር፣ ጎመን ብዙ አይቸገሩም። ያልተከካ ባቄላ፣ ሽንብራ፣ አደንጓሬና የበሬ ቅልጥም ግን እሳቱን ብትጨምሩም አይፈጥኑም፤ ውሃው ከ92 ዲግሪ አያልፍም፣ የተጨመረው እሳት እንፋሎት ብቻ ነው የሚያበዛው። ጥራጥሬ ሌሊቱን መዘፍዘፍ፣ ከተቻለ ፕሬዠር ኩከር መጠቀም ነው መድኃኒቱ። ፕሬዠር ኩከር ከከባቢው አየር በላይ አንድ ባር ገደማ ሲጨምር ውስጡ ደሴም ላይ ከ110 ዲግሪ ያልፋል። በቀን የሚከራዩ ቤቶች ውስጥ ይህን ዕቃ ማግኘት ብርቅ ነው። ካላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ጎማውንና የእንፋሎት መውጫውን ፈትሻችሁ። ሩዝና ፓስታም ከልማዳችሁ ጥቂት ደቂቃ ይጨምራሉ፤ ሩዙ ላይ የግማሽ ስኒ ውሃ ጭማሪ አይከፋም።

ሊጥ ሌላ ጣጣ ነው። ኮምቦልቻ በሁለት ቀን የሚነሳ እርሾ፣ ደሴ በኅዳርና በታኅሣሥ ሦስት ቀንም ሊፈልግ ይችላል። ለአምስት ቀን ቆይታ ሊጥ ማቡካት አያዋጣም፤ እንጀራ ግዙ። ደሴ ብርድ ስለሆነ በጨርቅ ተጠቅልሎ በላስቲክ የተሸፈነ እንጀራ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ያደርቀዋል፣ ጫፉም ይሰባበራል። ኮምቦልቻ ላይ ግን ሁለተኛውን ቀን ካለፈ ሻጋታ ይፈለግበት።

ስቶቩ ኤሌክትሪክ ከሆነ ትንሹ ዐይን 1,000፣ ትልቁ 2,000 ዋት አካባቢ ነው። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ያለ ዘይት ለማብሰል ትልቁ ላይ አንድ ሰዓት መድቡ፣ ማታ ከሆነ ከዚያ በላይ። ቡታጋዝ ያለው ቤት ይሻላል፤ መብራት ሲሄድም ይሠራል። ሲሊንደሩ ላይ የባዶው ክብደት ተቀርጾ ይገኛል፣ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ልዩነቱን ማየት ነው። ሚዛን ካልተገኘ ሙቅ ውሃ በጎኑ አፍስሳችሁ በእጅ ዳብሱ፤ ቅዝቃዜው የሚጀምርበት ቦታ የጋዙ ልክ ነው። 13 ኪሎ ጋዝ አንድ ዐይን ሙሉ እሳት ላይ ቢነድ 70 ሰዓት አካባቢ ይሄዳል፤ ለአራት ሰው ለአንድ ሳምንት የሚያበስል ቤት ግማሽ ሲሊንደር ይበቃዋል። ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ የድስቱን ቂጥ ጥላሸት ካለበሰው አየር አንሶታል፤ ከማብሪያው ሥር ያለችውን የአየር ማስገቢያ ከፈት ማድረግ ነው። የጎማ ቱቦው የተሰነጣጠቀ ከሆነ አትለኩሱ። የሳሙና አረፋ ማያያዣው ላይ ቀብቶ የሚፈላ አረፋ መኖሩን ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ማታ ማታ ደግሞ የሚዘጋው የስቶቩ ቁልፍ ብቻ ሳይሆን የሲሊንደሩ ራስ ነው።

ከሰል የሚባለው ነገር ለብቻው ይነገር። ደሴ ሲበርድ የቡናውን ከሰል ጨርሶ ሳይጠፋ መኝታ ክፍል ይዞ መግባት ይገድላል። ጭሱ ስላለቀ አደጋው ያለቀ ይመስላል፣ ሆኖም የሚገድለው ጋዝ ሽታም ጭስም የለውም፤ ፍሙ ቀይ ሆኖ ሲታይ በብዛት ይወጣል። አዲሶቹ ፎቆች በአልሙኒየም መስኮት ጥብቅ ብለው ስለሚዘጉ ከድሮው የጭቃ ቤት ይልቅ ያሰጋሉ። ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ። ኮንዶሚኒየም ከሆነና ግቢው ውስጥ የጋራ ማብሰያ ካለ እዚያ ይሁን፤ ጎረቤት ስኒ ይዞ ብቅ ማለቱ አይቀርም፣ ወሎ ነው።

ዕቃው ላይ ደርሰናል። አከራዮች «ሙሉ ዕቃ» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ሰሃን፣ ስድስት ብርጭቆ፣ ሁለት የማይጣበቅ ስስ ድስት፣ አንድ መጥበሻና ኬትል ነው። ድስቶቹ ከሦስት ሊትር አያልፉም። ለስድስት ሰው ዶሮ ወጥ ከስድስት እስከ ስምንት ሊትር የሚይዝ ወፍራም ድስት ያስፈልጋል፤ በስሱ ድስት ሽንኩርቱ መሐሉ ያራል፣ ዳሩ ጥሬ ይቀራል። ብዙ ጊዜ የሚጎድሉት ስለታም ቢላ፣ መክተፊያ፣ የእንጨት ማማሰያ፣ ማጥለያ፣ ጀበናና ረከቦት ናቸው። ማማሰያ በሌለበት በብረት ማንኪያ ያማሰለ እንግዳ የድስቱን ልባስ ይፍቀዋል፤ ስትወጡ የሚጠየቀው እሱ ነው። የመጀመሪያው ቀን የተጫረውን ድስት ሁሉ ፎቶ አንሥቶ ለአከራዩ መላክ ክርክሩን ያስቀራል።

እዚህ ከተማ አንድ የሚታሰብ ነገር አለ፤ ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ላያስበው ይችላል። ቤቱ ዛሬ ለሙስሊም ቤተሰብ፣ ነገ ለክርስቲያን ይከራያል። ወሎ በአንድ መሶብ ቢቀርብም ሥጋው ይለያል፤ ሥጋ ቤቱም በመስቀልና በጨረቃ ምልክት የተለየ ነው። ስለዚህ «የሥጋ ድስቱና ቢላው የማን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ደህና አከራይም አይቀየምም። ጥሩ የሚባለው ቤት ሁለት ጥንድ ድስት አስቀምጦ በቀለም ወይም በክር ይለያቸዋል። ይህን ያደረጉትን በተለይ እናመሰግናለን። ካላደረጉ አንድ የራስን ድስት፣ ቢላና መክተፊያ መያዝ ነው። በጾም ለሚመጣም እንዲሁ፦ ቅቤ የለመደ መጥበሻ በሳሙና ታጥቦም ሽታው አይለቀውም።

ገበያው ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። አትክልትና እህል ሰኞ ገበያ፣ የታሸገውና የጽዳት ዕቃው ፒያሳና አራዳ ይገኛል። ዓሣ የፈለገ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ሐይቅ ከተማ ሄዶ ከሐይቁ የወጣውን በጠዋት ቢገዛ ትኩስ ያገኛል። ሆድቃውን እዚያው አስወጡት፤ አፓርታማ ውስጥ ዓሣ ማጽዳት ቧንቧም ይደፍናል፣ ጎረቤትም ያስቀይማል።

ብርዱን በተመለከተ፦ ከኅዳር እስከ ጥር ለአንድ አልጋ አንድ ብርድ ልብስ አይበቃም፣ ሁለተኛ ጠይቁ። ወለሉ ሴራሚክ ስለሆነ ነጠላ ጫማ ያዙ። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ የዞረ መኝታ ክፍል ይመረጣል፤ ፀሐይዋ ከጦሳ ጀርባ ቶሎ ስለምትገባ ወደ ምዕራብ የዞረው ክፍል ከሰዓቱን ብዙም አይሞቅም። በሐምሌና በነሐሴ የታጠበ ልብስ በቤት ውስጥ ሁለት ቀን አይደርቅም። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጋችሁ ጀርባውን አሽትቱ፤ የሻገተ ቤት አስም ላለበት ሰው አይሆንም። መኪና የያዘ ደግሞ መግቢያውን በዝናብ ቀን ይመልከት፤ የደሴ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ነው፣ ፍሬን ስቦ ከጎማው ሥር ድንጋይ ማድረግ እዚህ ልማድ ነው።

ኮምቦልቻስ? 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይርቃል፣ ግን ሌላ አየር ነው። በ1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውሃ በ94 ዲግሪ ይፈላል፣ ባቄላው ይቀላል፣ ብርድ ልብሱ አንድ ይበቃል። በምትኩ ማራገቢያና አጎበር ያስፈልጋል፤ ወባ የሚደርስበት ከፍታ ነው፣ ከዝናቡ ማብቂያ ጀምሮ አጎበር የሌለው ቤት አትያዙ። በረራ ያለው ሰው እዚያ ቢያድር ያመቸዋል፤ ለደሴ የሚበረውም የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው። ሌሊት በሐረጎ ዳገት ጉም ሲወርድ ከደሴ ተነሥቶ የጠዋት አውሮፕላን መያዝ የሚያስጨንቅ ነገር ነው። ኮምቦልቻ ባሕር የሌላት ወደብ ነች፤ ደረቅ ወደቡ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክና በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው መንገድ ከባድ መኪና አያጡም። ዋናው መንገድ ዳር ያለ አፓርታማ ሌሊት በሞተር ብሬክ ድምፅ ይሞላል። ሁለት መስመር ገባ ያለውን ምረጡ። ለፋብሪካና ለፕሮጀክት ሥራ የሚመጡ ሰዎች ቤቶቹን በወር ስለሚይዟቸው ለሦስትና ለአራት ቀን የሚሰጥ ባለማዕድ ቤት ከደሴ ያነሰ ነው። ሲገኝ ግን ማዕድ ቤቱ ብዙ ጊዜ የተሻለ የተሟላ ነው፣ ወር ሙሉ የሚበስልበት ስለሆነ። ለሕፃንና ለአረጋዊ፣ ለሳንባ ሕመምተኛም ኮምቦልቻን እናስቀድማለን። የደሴን ከተማ፣ አይጠየፍ አዳራሹን፣ የጣሊያን ጊዜ ሕንፃዎቹን፣ ፒያሳን በእግር ማየት ለሚፈልግ ደሴ ውስጥ ማደር ይሻላል፤ በየቀኑ ሐረጎን መውጣትና መውረድ ጊዜ ይበላል።

ስለ ክፍያ። የዕለቱ ዋጋ እንደ ወቅቱ ስለሚለዋወጥ ቁጥር አንጽፍም፤ የምናየው የሚያካትተውን ነው። ውሃ፣ መብራት፣ ጋዝ፣ ጽዳትና የደላላ ድርሻ በዋጋው ውስጥ መሆናቸው በጽሑፍ፣ ቢያንስ በመልእክት ይረጋገጥ። ሳምንት ለሚቆይ ሰው ከሰባቱ ቀን የአንዱን መቀነስ ተገቢ ጥያቄ ነው። ቤቱን ሳያዩ ሙሉው ገንዘብ በቴሌብር አይላክም። ባለቤቱ ወይም ጠባቂው ቪዲዮ ይደውል፤ የማዕድ ቤቱን ቧንቧ ይክፈት፣ ስቶቩን ያብራ፣ ብሬከር ሳጥኑን ያሳይ፣ ከቻለም ጣሪያ ወጥቶ ሮቶውን በእጁ ያንኳኳ፤ ሙሉና ባዶ ድምፁ ይለያል። «ጋሼ፣ አንዴ ቧንቧውን ቢከፍቱልኝ» ሲባል ሰበብ የሚያበዛ ካለ ሌላ ቤት ፈልጉ። ስትገቡ የሁሉም አዋቂ መታወቂያ ይጠየቃል፤ የሌለው ሰው ካለ አስቀድሞ መናገር ነው።

ጊዜም ይታሰብበት። ለመስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ ወደ አምባሰል የሚሄደው ምእመን ብዙው በደሴ ስለሚያልፍ ከመስቀል ጀምሮ ባሉት ቀናት ባዶ ቤት ማግኘት ይከብዳል። የዩኒቨርሲቲ ምረቃ ሰሞንና የገና ተጓዥ ወደ ላሊበላ የሚያልፍበት ሳምንትም እንዲሁ። በእነዚህ ቀናት ለአንድ ቤት ከሁለት ሰው ቀብድ የሚቀበል አከራይ ይኖራል፤ ቀብዱን የከፈላችሁበት ደረሰኝ ላይ የመግቢያ ቀኑና የክፍሉ ቁጥር መጻፉን አረጋግጡ።

የምትወጡበት ቀን መያዣውን የምትረከቡት ቁልፉን ከመስጠታችሁ በፊት ነው፤ ቆጣሪው አብሮ ይነበብ፣ ሲሊንደሩ ይመዘን፣ ድስቶቹ ከመጀመሪያው ቀን ፎቶ ጋር ይታዩ። ፍሪጁን ነቅላችሁ በሩን ክፍት ተዉት፤ የተዘጋ ፍሪጅ በሦስት ቀን ይሸታል፣ የጽዳት ተብሎ የሚቆረጠው ገንዘብም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከእሱ ነው።